የሒሳብ መኪናን ማካፈል ያስተማረው ሊቅ
የጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ የሕይወት ታሪክ

የዚህን ታላቅ ሰው ታሪክ ከመጀመራችን በፊት ለመጻፍ ያነሣሣንን ምክንያት በአጭሩ እንገልጻለን።

በማስተማር ልምምድ ላይ በነበርንበት ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተን ረጅሙን የማካፈል ዘዴ እናስተምር ነበር። 4,832ን ለ16 አካፍላችሁ ኑ ብለን የቤት ሥራ ሰጠን። በማግስቱ አንዲት ተማሪ 32 ብላ መጣች። ሌላው ልጅ ደግሞ 302 ብሎ መጣ። ልጁ በታላቅ ወንድሙ ስልክ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለ ካልኩሌተር ነበር የሠራው። እንዲህ ዓይነቱ ካልኩሌተር መልሱን ብቻ ሳይሆን የአሠራሩን ደረጃ ጭምር ከላይ እስከ ታች ጽፎ ስለሚያሳይ፣ ልጁ ሁሉንም በደብተሩ ላይ አሳምሮ ገልብጦታል። ልጅቷ ታዲያ መካከል ላይ ያለችው ዜሮ ከየት መጣች ብላ ጠየቀች። ልጁ አላወቀም። ወደ እኛ ዞረች። እኛም እውነቱን ለመናገር አላወቅንም። ሕጉ እንዲህ ነው ብለን አለፍነው። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ እጇን ደግማ አላወጣችም።

ይህ ነገር ሲከነክነን ሰነበተ። ለመሆኑ መኪና ማካፈልን ከማን ተማረ? ያስተማረውስ ሰው ያቺን ዜሮ እንዴት አድርጎ አስረዳው? ብለን መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነው ሰው ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ ነው። እነሆ ታሪኩን እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመኑ

ላይብኒዝ በ1646 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ተወለደ። ጊዜው ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር። አገሩ ተቃጥሏል፣ ሕዝቡም ተጎሳቁሏል። አባቱ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1652 ሞተ። ለልጁ የተረፈው የአባቱ መጻሕፍት የተከማቹበት ክፍል ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ ለእጩ መምህራን የሚሆን ነገር አለ። ትንሹ ላይብኒዝ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ አግኝቶ፣ ሥዕሎቹን እያየ የቃላቱን ትርጉም በግምት እየፈታ ማንበብ ጀመረ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። ይህ መጽሐፍ ለዕድሜው አይመጥንም፣ ይነጠቅ ብሎ ለቤተሰቡ አመለከተ። ደግነቱ አንድ የተማረ መኳንንት ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ልጁን አነጋገረው፤ ከዚያም የአባቱ መጻሕፍት ክፍል እንዲከፈትለት ቤተሰቡን አግባባ። በሩ ተከፈተ። ልጁም ገብቶ ቀረ ማለት ይቻላል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ላቲንን አቀላጥፎ ያነብ ነበር። ያ አስተማሪ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እያንዳንዳችን እናስብበት።

በ1661 በአሥራ አራት ዓመቱ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፍልስፍናና ሕግ ተማረ። በ1666 የሕግ ዶክትሬቱን ሊቀበል ሲጠይቅ ግን የራሱ ዩኒቨርሲቲ ከለከለው። ዕድሜው ገና ሃያ ነበር፤ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጡ ብዙ ዕጩዎችም ተራ ይጠብቁ ነበር። ላይብኒዝ አልተከራከረም። ጓዙን ጠቅልሎ በኑረምበርግ አጠገብ ወዳለው አልትዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ሄደና ዲግሪውን እዚያ አገኘ። እዚያው የመምህርነት ቦታ ቢሰጡትም አልፈለገም፤ ከዓለም ጋር ተገናኝቶ መሥራትን መረጠ።

ዘግይቶ የጀመረ የሒሳብ ተማሪ

በ1672 የማይንስ ገዥ ሰዎች ለመልእክት ወደ ፓሪስ ላኩት። ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። በሕግ ዶክተር ይሁን እንጂ በሒሳብ በኩል ገና ጀማሪ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሒሳብ አይሆንልኝም እያልን ገና በሃያ ዓመታችን ተስፋ የምንቆርጥ ሰዎች ይህን ልብ ብንለው ጥሩ ነው።

በፓሪስ ክርስቲያን ሆይገንስ የተባለውን የሆላንድ ሊቅ ተዋወቀ። ሆይገንስ የላይብኒዝን ጉድለት አላፌዘበትም። ይልቁንም አንድ እንቆቅልሽ የመሰለ የድምር ጥያቄ ሰጠውና የሚያነባቸውን መጻሕፍት ጠቆመው። ላይብኒዝም ጥያቄውን ፈታው፤ መጻሕፍቱንም አነበበ። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በ1675፣ ዛሬ ካልኩለስ የምንለውን የሒሳብ ክፍል መሠረት እስከ መጣል ደረሰ። አንድ መምህር የተማሪውን ጉድለት አይቶ ተገቢውን ጥያቄ ሲሰጥ የሚገኘው ውጤት ይህን ያህል ነው።

ካልኩለሱን እዚህ ላይ አናብራራም፤ ጉዳያችን መኪናው ነው።

የሒሳብ መኪናው

ከላይብኒዝ በፊት ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ1642 ግድም አንድ የሒሳብ መኪና መሥራት ጀምሮ ነበር። አባቱ ግብር ሰብሳቢ ሹም ስለነበር ሌሊቱን ሁሉ ሲደምር ያድር ነበርና ልጁ ሊያግዘው አስቦ የሠራው ነው። የፓስካል መኪና ይደምራል፣ ይቀንሳል። ማባዛትና ማካፈል ግን ለእሷ የተሠራ ሥራ አልነበረም።

ላይብኒዝ የሰውን እርምጃ የሚቆጥር አንድ መሣሪያ ካየ በኋላ፣ እርምጃ በመኪና የሚቆጠር ከሆነ አራቱም የሒሳብ መደቦች ለምን በመኪና አይሠሩም ብሎ አሰበ። የተማረ ሰው ጊዜውን ሁሉ በቁጥር ድካም ላይ ማባከን የለበትም የሚል ጽኑ እምነት ነበረው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ክብ በርሜል የመሰለ ብረት ላይ ዘጠኝ ጥርሶች አበጀ። ጥርሶቹ ግን እኩል አይደሉም፤ ከአጭር ጀምረው እንደ ደረጃ እየረዘሙ ይሄዳሉ። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለች። ጎማዋ በበርሜሉ ርዝመት ላይ ወደዚህና ወደዚያ ትንሸራተታለች። በቆመችበት ቦታ አምስት ጥርስ ካገኛት አምስት ጊዜ ትገፋለች፤ ዘጠኝ ካገኛት ዘጠኝ ጊዜ ትገፋለች፤ ምንም ካላገኛት ዝም ብላ ትቆማለች። እጀታውን አንድ ጊዜ ማዞር ማለት የተመዘገበውን ቁጥር በሙሉ አንድ ጊዜ መደመር ነው። ወደ ኋላ ማዞር ደግሞ አንድ ጊዜ መቀነስ ነው።

ዋናው ብልሃት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቁጥሩ የተመዘገበበት የመኪናው ክፍል ከነጓዙ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ወደ ግራ ሲሄድ ቁጥሩ በአሥር ተባዛ ማለት ነው። ሁለት ቦታ ሲሄድ በመቶ ተባዛ። በዚህ ዘዴ መኪናው ማካፈልን ቻለ።

በምሳሌ እንየው። 7,452ን ለ23 እናካፍል። ማካፈል ማለት 23 ከ7,452 ውስጥ ስንት ጊዜ ይቀነሳል ማለት ነው። አንድ በአንድ ብንቀንስ 324 ጊዜ መቀነስ አለብን፤ ማን ይችለዋል? መኪናው ግን መጀመሪያ 23ን ወደ መቶ ቤት ወስዶ 2,300 ያደርገዋል። ከዚያ ይቀንሳል፤ 5,152 ይቀራል። ደግሞ ይቀንሳል፤ 2,852። ደግሞ ይቀንሳል፤ 552። ከዚህ በላይ አይቻልም። እጀታው የዞረው ሦስት ጊዜ ነው። በመቶ ቤት 3 ተገኘ። አሁን ወደ አሥር ቤት ይመለሳል፤ 23 አሁን 230 ነው። ከ552 ላይ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል፤ 92 ይቀራል። በአሥር ቤት 2 ተገኘ። በመጨረሻ ወደ አንድ ቤት ይመጣል፤ 23 ከ92 ላይ አራት ጊዜ ይቀነስና ምንም አይቀርም። በአንድ ቤት 4 ተገኘ። ድርሻው 324 ነው። 324 ጊዜ መቀነስ የነበረበት ሥራ በዘጠኝ ዙር አለቀ ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምንሠራው ረጅም ማካፈል ጋር አንድ ነው! ከ74 ላይ 23 ስንት ጊዜ ብለን 3 ስንጽፍ፣ በእርግጥ የምናደርገው 2,300ን ሦስት ጊዜ መቀነስ ነው። ቁጥር አውርድ የምንለውም መኪናው ወደ ቀኝ አንድ ቤት ሲሄድ ማለት ነው። ይህ ወደ ታች እየወረዱ የማካፈል አጻጻፍ በጣሊያን አገር በ1491 በታተመ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ በላይብኒዝ ዘመንም ብዙ ሰዎች ቁጥር እየሰረዙ ከላይና ከታች በሚጽፉበት፣ መጨረሻው መርከብ በሚመስል አሮጌ ዘዴ ያካፍሉ ነበር።

የዜሮዋ ነገር

አሁን ወደዚያች ልጅ ጥያቄ እንመለስ። 4,832ን ለ16። መኪናው 16ን ወደ መቶ ቤት ወስዶ 1,600 ያደርገዋል። ሦስት ጊዜ ይቀንሳል፤ 32 ይቀራል። ከዚያ ወደ አሥር ቤት ይሄዳል፤ 16 አሁን 160 ሆኗል። 160 ከ32 ላይ ይቀነሳል? አይቀነስም። ስለዚህ እጀታው አንድም ጊዜ አይዞርም። ይሁን እንጂ መኪናው በአሥር ቤት ቆሟል፤ ጠይቋል፤ ምንም አላገኘም። የዚያ ምልክቱ ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ አንድ ቤት ሄዶ 16ን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። 3፣ 0፣ 2፤ ይኸው 302።

ስለዚህ ዜሮዋ ከየትም የመጣች ሕግ አይደለችም። በአሥር ቤት ቆመን ጠይቀን ስንት ዙር እንዳገኘን የምትናገር መልስ ናት። ልጅቷ ይህን ቤት ዘላው ሄደች እንጂ ማካፈል አቅቷት አልነበረም። እኛ ግን የቱ ጋ እንደዘለለች እንኳ ልናሳያት አልቻልንም።

ውርደትና ጽናት

ላይብኒዝ የመኪናውን ሞዴል ይዞ በ1673 መጀመሪያ ላይ ወደ ለንደን ተጓዘ፤ ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበርም አሳየ። ሞዴሉ ገና ያላለቀ ነበር፤ አንዳንዱን ነገር በእጅ መርዳት ያስፈልግ ነበር። ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ መኪናውን ገልብጦ መረመረና ኋላ ክፉኛ ነቀፈው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ላይብኒዝ እኔ አገኘሁት ብሎ ያቀረበውን አንድ የሒሳብ ግኝት ሌላ ሰው ቀደም ብሎ እንዳገኘው ጆን ፔል በሰው ፊት ነገረው። በዚያ ሁሉ ሊቃውንት መካከል ምን ያህል እንዳፈረ መገመት አያዳግትም። የልምምድ ትምህርት ስንሰጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመዘግቡትን መምህራኖቻችንን ያየ ሰው ይረዳዋል!

ላይብኒዝ ግን ኩርፊያ ውስጥ አልገባም። ማኅበሩ በዚያው ዓመት አባል አደረገው። እሱም ወደ ፓሪስ ተመልሶ የጎደለውን ያጠና ጀመር፤ መኪናውንም ማሻሻል ቀጠለ። ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረም። ትልቁ ችግር ተሸጋሪው ነበር። 999 ላይ 1 ስንደምር ተሸጋሪው ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ ይሄዳል፤ ይህን በዚያ ዘመን የእጅ ሙያ በጥርሳም ጎማ ማሠራት ከባድ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሠራተኛ እየቀጠረ፣ የራሱን ገንዘብ እያፈሰሰ ደከመበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በ1690ዎቹ ከናስና ከብረት የተሠራ፣ እስከ 16 አሃዝ ውጤት የሚያሳይ መኪና ቆመ። ተሸጋሪው ግን ያኔም ሙሉ በሙሉ በራሱ አልሄደለትም።

ከ1676 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በሃኖቨር መሳፍንት ቤት ተቀጥሮ ኖረ። ቤተ መጻሕፍት ይጠብቃል፣ ሕግ ያማክራል፣ የመሳፍንቱን የዘር ታሪክ ይጽፋል። በሃርስ ተራሮች ካለው የብር ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ በነፋስ ኃይል ለመቅዳት ዓመታት ደክሞ አልተሳካለትም። በ1700 በርሊን ላይ የተቋቋመው የሳይንስ ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። ለማካፈል ምልክት ሁለት ነጥብን የተጠቀመው እሱ ነው፤ በ1684 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በጀርመን ትምህርት ቤቶች ዛሬም ማካፈል የሚጻፈው በሁለት ነጥብ ነው። በ1703 ደግሞ ቁጥርን ሁሉ በ0 እና በ1 ብቻ ስለ መጻፍ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ያ ልጅ የተጠቀመበት ስልክ ቁጥሮችን የሚያሰላው በእነዚሁ በሁለቱ ምልክቶች ነው።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኘውም ነገር አለ። ላይብኒዝ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጀርመናዊ ነው። አማርኛን የተማረው ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። እንግዲህ የእኛ ሰው ያስተማረው ሰው የላይብኒዝ የደብዳቤ ወዳጅ ነበር ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

የላይብኒዝ የመጨረሻ ዓመታት ደስ የሚሉ አልነበሩም። ካልኩለስን ማን ቀድሞ አገኘው በሚለው ጉዳይ ከአይዛክ ኒውተን ወገኖች ጋር ተጣላ። በ1712 ነገሩን እንዲመረምር የተሰየመው ኮሚቴ የተቋቋመው በለንደኑ ማኅበር ውስጥ ነበር፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ደግሞ ራሱ ኒውተን። ፍርዱ ወደ ማን እንዳዘነበለ መናገር አያሻም። ዛሬ ሊቃውንት ሁለቱም ለየብቻቸው እንዳገኙት ይስማማሉ። በ1714 የሃኖቨሩ መስፍን የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ወደ ለንደን ሲሄድ ላይብኒዝን ትቶት ሄደ። የተጀመረውን የዘር ታሪክ ጨርስ ተባለ።

በ1716 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን በሰባ ዓመቱ አረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከመሳፍንቱ ቤት ለቀብሩ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ጸሐፊው ግን ሸኘው። መቃብሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስም ሳይጻፍበት ኖረ። ትቶት የሄደው ወረቀት ግን ወደ 200 ሺህ ገጽ ይጠጋል፤ ደብዳቤ የተጻጻፋቸው ሰዎች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ።

መኪናውስ? ለጥገና ወደ ጎቲንገን ተልኮ በዩኒቨርሲቲው ጣሪያ ሥር ተረሳ። በ1879 ጣሪያ ሊጠግኑ የወጡ ሠራተኞች አገኙት። አሁን በሃኖቨር ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በርሜሉ ግን እስከዚያው አልተቀመጠም። ፈረንሳዊው ቶማስ ደ ኮልማር ከ1820 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ የሒሳብ መኪና ሠራ። ከ1948 ጀምሮ ለገበያ የቀረበችው ኩርታ የተባለች በእጅ የምትያዝ መኪናም የምትሠራው በላይብኒዝ በርሜል መርሕ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንዳንዶቻችን ካልኩሌተር ተማሪን ያሰንፋል፣ ይከልከል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ዘመኑ ተለውጧል፣ ማካፈል ማስተማር ምን ያደርጋል እንላለን። ላይብኒዝ የሒሳብን ድካም የጠላ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ድካም ለመኪና አሳልፎ ለመስጠት እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንደሆነ አብጠርጥሮ ማወቅ ነበረበት። መኪናው ለምን የሚለውን አያውቅም። ለምን የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ለመምህሩ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ደረጃ የሚያሳየው ካልኩሌተር ጠላታችን አይደለም። አጠቃቀሙ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ተማሪው መጀመሪያ ይገምት፤ 4,832 ለ16 በመቶዎች የሚቆጠር መልስ እንጂ 32 ሊሆን እንደማይችል ይወቅ፤ 16 ጊዜ 32 ኮ 512 ብቻ ነው። ቀጥሎ በእርሳሱ ይሥራ። ከዚያ ካልኩሌተሩን ከፍቶ ደረጃ በደረጃ ያመሳክር፤ የተለያዩበት ቦታ ላይ ይቁምና ለምን ብሎ ይጠይቅ። በመጨረሻ ድርሻውን በአካፋዩ አባዝቶ ይፈትሽ። ስልክ የሌለው ልጅም አይቀርበትም፤ አሥር አሥር የታሰሩ እንጨቶችና ጠጠሮች የላይብኒዝን መኪና ሥራ ይሠራሉ።

እኛ ይህን ሁሉ ባወቅን ጊዜ ልምምዱ አልቆ ነበር። ወደዚያች ልጅ ተመልሰን ዜሮዋ ከየት እንደመጣች አልነገርናትም። ዕዳ ሆኖብናል። ዕዳውን የምንከፍለው ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት እጁን ለሚያወጣው ልጅ ነው።

ለመሰናበቻ አንድ ጥያቄ እናስቀምጥላችሁ። 6,150ን ለ15 አካፍሉና እጀታው በየቤቱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ጻፉ። መልሳችሁን ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ እንጠብቃለን። ጥንቃቄ ይደረግ፤ ዜሮ አለበት!